የተጻፈ ውልና የተፈጸመ ውል
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነገረ)



ጦርነት የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን ሁላችንም በታሪክ ትምህርት አጥንተናል። ጦርነቱን የዘጋው ውል ከተፈረመ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ዛሬ ማታ የምንነጋገረው ኢጣሊያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፤ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ/ም በፓሪስ ስለ ፈረመችው የሰላም ውል ነው።

በዚህ ውል ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት ልታከብር ቃል ገባች። ውሉም ለአገራችን የሚጸናው ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ/ም ጀምሮ እንዲሆን ተጻፈ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጦርነቱ አውሮፓ ከመድረሱ አራት ዓመት ያህል አስቀድሞ በእኛ ላይ መጀመሩን ዓለም በፊርማው መሰከረ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሦስት ቃሎች በሦስት መንገድ ሄዱ።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ ተወሰነ፤ ለግሪክ የተወሰነው 105 ሚሊዮን፤ ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን ነበር። ነገሩ ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ1948 ዓ/ም ስምምነት ተደረገ፤ ከዚያም ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ተሠራ።

ሁለተኛው ቅርስ ነው። የተወሰዱት ቅርሶችና መዛግብት ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ታዘዘ። ቀጠሮው በ1941 ዓ/ም አለፈ፤ የአክሱም ሐውልት ግን ሮማ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። ወደ አገሩ የገባው በ1997 ዓ/ም፤ በቦታው የቆመውም በ2000 ዓ/ም ነው። በወራት የተቆጠረው ቀጠሮ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ፈጀ።

ሦስተኛው ፍርድ ነው። ኢጣሊያ በጦር ወንጀል የሚፈለጉትን አሳልፋ እንድትሰጥ ተጽፎ ነበር። ኢትዮጵያም ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ከሰሰች። ሆኖም አንድም ሰው ተላልፎ አልተሰጣትም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ/ም እና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ ስለ ፈሰሰው ደም አልነበረም።

እንግዲህ የአንድ ውል አንቀጾች ስለ ምን እንዲህ ተለያዩ? እኛ እንደሚመስለን፤ ፊርማ ብቻውን ጉልበት የለውም። ገንዘቡ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ መውጫ አገኘ። ሐውልቱ በዓይን የሚታይ ስለ ነበረ የሚጠይቀው አልጠፋም። ፍርዱ ግን የኃያላንን ፈቃድ ይሻ ነበር፤ ኃያላኑም አዲስ ፍጥጫ ስለ ጀመሩ፤ ኢጣሊያን ከማስቀየም የእኛን ሙታን መርሳት ቀለላቸው።

አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የተወጋውም ሲያልፍ፤ ያልተጻፈ ነገር አብሮት ይቀበራል። ገንዘብ ይከፈላል፤ ድንጋይም ይመለሳል፤ ፍርድን ግን ተከሳሹ ከሞተ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ለእኛ የቀረልን መመስከር ነው። ስለዚህ ውሉን ራሱን ፈልገን እናንብብ፤ በየቤታችንም ከአያቶቻችን ሲወርድ የሰማነውን፤ ስምና ቦታ ሳንዘነጋ በጽሑፍ እናኑር። ይህን ካላደረግን፤ ሌላው ውሉን አፈረሰ ብለን የመውቀስ መብታችን እየሳሳ ይሄዳል።