ስለ ሂሮሺማ የተሰጠው ምክንያትና የአብርሃም ልመና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሐምሌ 7 ቀን የቅድስት ሥላሴን በዓል የምታከብረው፥ አባታችን አብርሃም በድንኳኑ ደጃፍ ሦስቱን እንግዶች ተቀብሎ ማስተናገዱን በማሰብ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመስተንግዶው በኋላ የሆነውን ግን ብዙዎቻችን ፈጥነን እናልፈዋለን። እንግዶቹ ከማዕድ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ሰዶም ባቀኑ ጊዜ አብርሃም ሊሸኛቸው ወጣ፤ በመንገድም ላይ በከተማይቱ ሊመጣ ያለው ፍርድ ተገለጠለት። አብርሃምም ዝም አላለም። 50 ጻድቃን ቢገኙባትስ ብሎ ልመናውን ጀመረ፤ ከ50 ወደ 45፥ ከ45 ወደ 40፥ ወደ 30፥ ወደ 20 እያለ ወርዶ ከ10 ደረሰ። ፍጡር ሲሆን ከፈጣሪው ጋር ስለ ሰው ነፍስ ተከራከረ፤ ፈጣሪውም አልተቈጣውም።

በ1937 ዓ.ም. ይህ በዓል በተከበረ በሁለተኛው ቀን፥ ሐምሌ 9 ቀን ጎሕ ሲቀድ፥ በአሜሪካ አገር በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ ተፈተነ። ለዚያ ፈተና የተሰጠው የምስጢር ስም «ትሪኒቲ» ነው፤ ትርጓሜውም ሥላሴ ማለት ነው። ስሙን ያወጣው ሊቅ ሊሳደብ አስቦ ነው አልልም፤ በዚያን ጊዜ ይወደው የነበረ ግጥም እንዳሳሰበው በኋላ ተናግሯል። ነገር ግን ያ እሳት የተጠራበት ስም፥ የአብርሃምን ልመና በትዕግሥት የሰማው የአምላክ ስም መሆኑን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ይደነግጣል።

ከፈተናው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፥ ሐምሌ 30 ቀን፥ ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፥ ቦምቡ በጃፓን አገር በሂሮሺማ ከተማ ላይ ተጣለ። እኛ በማግሥቱ የፍልሰታን ጾም ያዝን። ጾሙ በተያዘ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ቦምብ በናጋሳኪ ላይ ወደቀ። እስከዚያው ዓመት መጨረሻ፥ ማለት እስከ አውሮፓውያን 1945 ፍጻሜ ድረስ፥ በሂሮሺማ 140 ሺህ ያህል፥ በናጋሳኪ 70 ሺህ ያህል ሰው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ 80 ዓመት አልፏል። ወጣቶች ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስለዚሁ ነገር ይጠይቁናል። አንደኛው «ጦርነቱን ያስቀረ እርሱ ነውና ጽድቅ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የጨካኞች ሥራ ነው፥ ምክንያት የለውም» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም ፈጥነዋል። ምክንያትስ ነበረው፤ አስቀድመን እርሱን እንስማ፤ ነገሩን ሳይሰሙ መፍረድ የዳኛም የካህንም ሥራ አይደለምና።

በአሜሪካ ላይ ጦርነቱን በድንገት የከፈተች ጃፓን ናት። ሠራዊትዋ በቻይናና በሌሎችም የእስያ አገሮች የሠራው ግፍ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ አንድ ቀን በዘገየ ቍጥር በዚያ የሚሞተው ሕዝብ ይጨምር ነበር። በ1937 ዓ.ም. ከመጋቢት እስከ ሰኔ በኦኪናዋ ደሴት በተደረገው ውጊያ ከ12 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሞቱ፤ ከጃፓን ወታደሮች 100 ሺህ ያህል፥ ከደሴቲቱም ነዋሪዎች እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። አንዲት ደሴት ይህን ያህል ካስከፈለች ዋናው አገር ሲወረር ምን ሊሆን ነው? ወረራው በ1938 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እንዲጀመር ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሥልጣኑን የያዙት ገና በሚያዝያ ወር፥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሞት ሲለዩ ነው፤ የቦምቡንም ነገር በሙሉ የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን በ1939 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ወረራው ከአሜሪካ ሠራዊት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሙትና ቍስለኛ ሊያስከትል እንደሚችል ተነግሮኝ ነበር ብለዋል።

ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። የሚንቀው ሰው ልጁን ወደ ጦር ሜዳ ሸኝቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ታሪክን የመረመሩ ሰዎች ቍጥሩን በጥያቄ አይተውታል፤ በሰኔ ወር የጦር ዕቅድ አውጪዎች ካቀረቧቸው ግምቶች አንዱ የሟቹን ብዛት የሚቈጥረው በዐሥር ሺዎች ነበርና። ጮክ ተብለው ያልተነገሩ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። ለቦምቡ ሥራ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶ ነበር፤ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው ዕቃውን ሳይሠራበት ማስቀመጥ ይከብደዋል። ሶቪየት ኅብረት በጃፓን ላይ ልትዘምት ተዘጋጅታ ነበር፤ እርስዋ በድሉ ብዙ ሳትካፈል ነገሩ እንዲያልቅ፥ ኃይሉንም አይታ እንድትፈራ የሚሹ ነበሩ። ጃፓንም ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ እጅዋን እንድትሰጥ ተጠይቃ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ምን ይሆናሉ የሚለው ሳይነገራት ቀርቷል።

በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ሌሊት በቶክዮ ከተማ ላይ በዘነበው የእሳት ቦምብ 100 ሺህ ያህል ሰው ተቃጥሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ከተሞች እንዲሁ ነደዱ። እንግዲህ አቶሚክ ቦምቡ ሲመጣ የኅሊናን በር ተከፍቶ አገኘው። ከተማን ከነሕዝቡ ማቃጠል ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ቀድሞ በቶክዮ ታልፏል፤ የቀረው በስንት አውሮፕላን እናቃጥል የሚለው ብቻ ነበር። ኃጢአት እንዲህ ነው፤ ፊተኛው ለኋለኛው መንገድ ይጠርጋል።

አሁን ወደ አብርሃም ልመና እንመለስ። አብርሃም የቈጠረው በከተማይቱ ውስጥ ያሉትን ነበር። በዋሽንግተን የተቈጠሩት ግን ከከተማይቱ ውጭ ያሉት፥ ከወረራው የሚድኑት ናቸው። ግንቦት 23 ቀን 1937 ዓ.ም. የተሰበሰበው ኮሚቴ፥ ለቦምቡ የሚመረጠው ዒላማ ብዙ ሠራተኞች ያሉበት፥ በዙሪያውም የሠራተኞች ቤቶች የከበቡት ትልቅ የጦር ፋብሪካ ቢሆን፥ ማስጠንቀቂያም ሳይሰጥ ቢጣል በሚል ሐሳብ ተስማማ። የሠራተኛ ቤት ማለት ምን ማለት ነው ቢሉ፥ ሚስቱና ልጆቹ ያሉበት ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ሐምሌ 18 ቀን በግል ማስታወሻቸው፥ ዒላማው ወታደሮች እንጂ ሴቶችና ሕፃናት እንዳይሆኑ ለጦር ሚኒስትሩ እንደ ነገሩ ጽፈዋል። እንዲህ ብለው የሚያምኑ ከሆነ ሰው በገዛ ብዕሩ ራሱን ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል እንመለከታለን። በሂሮሺማ ትልቅ የጦር መምሪያ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን የተነጣጠረው በከተማው መካከል ባለ ድልድይ ላይ ነበር፤ የፈነዳውም በአንድ ሐኪም ቤት ሰማይ ላይ ነው። በዚያ ጧት የእሳት መከላከያ መንገድ ለመክፈት ቤት እንዲያፈርሱ የታዘዙ ብዙ ሺህ ተማሪዎች በየአደባባዩ ቆመው ነበር። አብራሪው አውሮፕላኑን በወላጅ እናቱ ስም «ኢኖላ ጌይ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የቦምቡም ስም «ትንሹ ልጅ» ነው። የሰው ልጅ እነዚህን ሁለት ስሞች በአንድ ቦታ ሲያኖር ምንም አልተሰማውም።

አንዲት ከተማ ግን የለመነላት ሰው አገኘች፤ እርስዋም ኪዮቶ ናት። ከዒላማዎቹ መካከል ተጽፋ ሳለ፥ የጥንት ርእሰ ከተማ ናት፥ ብትጠፋ የሕዝቡ ቂም አይበርድም፥ ወደ ሶቪየትም ይገፋቸዋል ብለው ስቲምሰን አስወጧት። ስለ ጥንታዊ ሕንፃና ስለ ፖለቲካ መለመን ከተቻለ፥ ስለ ሕፃናትም መለመን ይቻል ነበር ማለት ነው። የለመኑም ነበሩ። ሊዮ ዚላርድ የተባለው ሊቅ ቦምቡን ለመሥራት ከደከሙት አንዱ ሲሆን፥ ሐምሌ 10 ቀን ከሌሎች ጋር 70 ሰዎች የፈረሙበትን ልመና ጻፈ። ጽሑፉ ግን ቦምቡ ከመጣሉ በፊት ከፕሬዚዳንቱ እጅ አልደረሰም። የአብርሃም ቃል በመዝገብ ቤት ቀረ።

«ሰዶምን ያቃጠለ ራሱ እግዚአብሔር አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ ነገር ግን ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ስለ 10 ጻድቃን ሲል ከተማይቱን ሊምር ቃል ከገባ፥ የጎረቤቱን ልብ እንኳ የማያውቅ ሰው በምን ድፍረት ቈጥሮ ይፈርዳል? ደግሞም እግዚአብሔር ሎጥን አስቀድሞ እጁን ይዞ አስወጥቷል።

ጥያቄው በመጨረሻ መጣ፤ ግን ዘግይቶ ነው። ነሐሴ 4 ቀን፥ ናጋሳኪ በነደደች በማግሥቱ፥ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያለ እኔ ትእዛዝ ሌላ ቦምብ እንዳይጣል ብለው አገዱ። አንድ ሚኒስትራቸው በማስታወሻው እንደ ጻፈው፥ ሌላ 100 ሺህ ሰው፥ ያን ሁሉ ሕፃን መግደል ዘገነናቸው። ሕፃናቱ ግን በሐምሌ 30ም ነበሩ።

«ለብዙዎች ደኅንነት ጥቂቶች ቢጠፉ ይሻላል» የሚለው ነገር ለክርስቲያን ጆሮ እንግዳ አይደለም። በወንጌል ይህን ምክር የመከረ ሰው እናውቃለን፤ ቀያፋ ነው። ቀያፋ ሞኝ አልነበረም፤ ሕዝቡ በሮማውያን እንዳይጠፋ የሰጋው ስጋት እውነተኛ ስጋት ነበር። የተሳሳተው ስጋቱ ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ያልበደለውን ደም ዋጋ አድርጎ ስለ ቈረጠ ነው። ስለዚህ «ባይጣል ኖሮ ስንት ይሞት ነበር?» የሚለው ክርክር እስከ ምጽአት ቢቀጥልም፥ ቀያፋን ነጻ አያወጣውም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስንናገር በሩቅ ሆነን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በሠራዊታችንና በገበሬው፥ በከብቱና በወንዙ ላይ የመርዝ ጋዝ አፍስሰዋል። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ስምምነት ራስዋ ፈርማ ነበር። እርስዋም ምክንያት አላጣችም፤ የበቀል መብት ነው አለች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ነገሩን ሲያስረዱ የሰማው ብዙ፥ የረዳው ጥቂት ነበር። ይህን ያየች አገር ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ የነቢያት ጾም በተያዘበት ዕለት፥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ባቀረበችው ሐሳብ፥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአቶሚክ መሣሪያ መጠቀም የማኅበሩን ቻርተር የሚቃረንና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ወሰነ። 55 ደገፉ፤ 20 ተቃወሙ፤ 26 ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። አሜሪካ ከተቃወሙት መካከል ነበረች። ዛሬ ዘጠኝ መንግሥታት በጠቅላላው 12 ሺህ ያህል እንዲህ ያለ መሣሪያ በእጃቸው አለ።

ስለ ነገሥታትና ስለ ሚኒስትሮች ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ካህናትም መናገር አለብን፤ በዚህ እኔና ወንድሞቼ የምንጠየቅበት ነገር አለና። አውሮፕላኑ ከቲኒያን ደሴት ወደ ሂሮሺማ ሊነሣ ሲል አንድ የሠራዊቱ ቄስ በአብራሪዎቹ ፊት ቆሞ፥ እግዚአብሔር እንዲጠብቃቸውና ጦርነቱም ፈጥኖ እንዲያልቅ ጸለየ። ወደ ሞት ለሚሄድ ወታደር መጸለይ የካህን ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በእሳቱ በታች ስላሉት አንድ ቃል አልተጨመረም። በዚያው ደሴት የነበረ ጆርጅ ዛቤልካ የተባለ ሌላ ቄስ፥ ሕዝብ በጅምላ ሲገደል ዝም ማለቱን ከብዙ ዓመታት በኋላ በአደባባይ እንደ ኃጢአት ተናዘዘ።

ነሐሴ 3 ቀን የተነሣው አውሮፕላን የሚሄደው ወደ ኮኩራ ነበር፤ ሰማይዋ ስለ ተጋረደበት ወደ ናጋሳኪ ዞረ። አብራሪው ካቶሊካዊ ነበር። ቦምቡም የወደቀው ኡራካሚ በሚባለው ሰፈር፥ በካቶሊካውያን መካከል ነው። እነዚህ ሰዎች በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ ባይሆኑም ታሪካቸው የሰማዕታት ታሪክ ነው፤ አባቶቻቸው በስደት ዘመን ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን፥ በስውር ልጆቻቸውን እያጠመቁ፥ ጸሎቱን በቃል እያስተላለፉ ክርስትናቸውን ጠብቀዋል። በዚያ ቀን ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፥ የእመቤታችንን የዕርገት በዓል ለማክበር የተዘጋጁ ምእመናን በታላቁ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለካህናቱ ኃጢአታቸውን ይናዘዙ ነበር። ከእነርሱ አንድም አልተረፈም። ከሰፈሩ 12 ሺህ ያህል ክርስቲያኖች 8,500 ያህሉ ሞቱ። የተረፉት ከፍርስራሹ ውስጥ አንዱን ደወል ቈፍረው አወጡ፤ በእነርሱ አቈጣጠር በልደት ዋዜማ፥ በእንጨት ላይ ሰቅለው ደወሉት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።