ለክረምቱ ጉዞ የትኛው ደሴት?

በክረምቱ ደሴት እንይ ለተባለው ሐሳብ ሒሳቡን ሠርቼ መጥቻለሁ።

ዛንዚባር ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ የእኛ ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ደረቅ ነው። ግን የአውሮፕላን ትኬቱ ከአቅማችን በላይ ነው። ጣና ይርቃል፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት አያስገቡም።

የእኔ ምርጫ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችው የዛዮች ደሴት ቱሉ ጉዶ ናት፤ ደብረ ጽዮን ማርያምን እንሳለማለን። በሐዋሳና በሻሸመኔ አድርገን ባቱ፣ ከዚያ በጀልባ። ዝናቡ እዚያም አለ፣ ጃንጥላ ይያዝ። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት እግር መንከር የለም፤ ዋና ያማራት በመንገዳችን ላንጋኖ ላይ ትዋኝ።

ቁጠባውን ግን አንነካም። የቡናው ብር እስኪገባ በክረምት ብድር የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ተጓዥ የራሷን ታዋጣ፤ ለብቻው ደብተር ዛሬ እከፍታለሁ።