ከሠርግ ዲቪዲ ላይ ፎቶግራፍ ስለማውጣት

(በፍኖተ ሰላም በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው፡፡ በቁም ሣጥን ውስጥ ወይም በቴሌቪዥን ሥር አቧራ የለበሰ የሠርግ ዲቪዲ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፡፡ ሰው ሲያርፍ ደግሞ ቶሎ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ «ጉርድ ፎቶ አለው ወይ?» የሚል ነው፡፡ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ብሎ በገጠሩ ፎቶ ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ ያለፉ አባቶችና እናቶች አሉ፡፡ ታዲያ መልካቸው የት ይገኛል? ምናልባት እዚያው ዲስክ ላይ ነው፡፡

ሙሽሮቹማ አልበም አላቸው፤ የኔ ነገር ስለነሱ አይደለም፡፡ ቪዲዮ አንሺው በዳሱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሲዞር፣ ጠላቸውን ይዘው የተቀመጡትን እንግዶች አንድ በአንድ ያነሣል፡፡ እኛ ስናይ ሰልችቶን የምናሳልፈው ይኸንን ነው፡፡ የአያት፣ የአጎት፣ የክርስትና አባት መልክ ያለው ግን እዚያ ነው፡፡

ችኮላው ለምንድነው ትሉ ይሆናል፡፡ በየስቱዲዮው የሚቀዳው ዲቪዲ በፋብሪካ ታትሞ እንደሚወጣው አይደለም፡፡ ምስሉ የሚጻፈው በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ በጨረር ነው፤ ያ ቀለም በፀሐይና በሙቀት እየደከመ ይሄዳል፡፡ ጭረትም አለ፡፡ በዚያ ላይ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ ላፕቶፖች የዲስክ ማጫወቻ የላቸውም፡፡ ዲስኩ ደህና ቢሆን እንኳ የሚያነበው መሣሪያ እየጠፋ ነው ማለት ነው፡፡

አሠራሩ እንዲህ ነው፡፡

አንደኛ፤ ዲስኩን በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉት፡፡ እያዞሩ መጥረግ ጭረቱን ያብሳል፡፡

ሁለተኛ፤ ማጫወቻ በሌለው ላፕቶፕ ላይ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ ማጫወቻ ተጠቀሙ፡፡ ከዚያ ፎቶ ከማውጣታችሁ በፊት የዲስኩን ፋይሎች በሙሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጡ፡፡ የደከመን ዲስክ ደጋግሞ ማመላለስ ደግ አይደለም፡፡

ሦስተኛ፤ ፊልሙን ቪ.ኤል.ሲ. በሚባለው ፕሮግራም ክፈቱት፡፡ ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1996 የፓሪስ ተማሪዎች ከጀመሩት ሥራ የወጣ ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፡፡ የፈለጋችሁት ሰው ሲመጣ አቁሙት፡፡ የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ፊደል በተጫናችሁ ቁጥር ፊልሙ አንድ አንድ ምስል ብቻ ይራመዳል፡፡ በእኛ አገር በሚሠራበት በፓል ሥርዓት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 25 ምስሎች አሉና ሳትቸኩሉ ምረጡ፡፡ ዓይን የተከደነበትን አልፋችሁ የተገለጠበትን ያዙ፡፡ ከዚያ «ሺፍት» እና «ኤስ» አንድ ላይ ሲጫኑ ፎቶው «ፒክቸርስ» በሚባለው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፡፡

አራተኛ፤ ፊት ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ካያችሁ አትደንግጡ፡፡ እያንዳንዱ ምስል በሁለት ግማሽ ስለሚነሣ፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም፡፡ ከፕሮግራሙ «ዲኢንተርሌስ» የሚለውን ማብራት ነው፡፡ ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰው ረጋ ያለበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ እስክስታው ላይ ሳይሆን ሽማግሌዎች ሲመርቁ ቢፈለግ ጥሩ ምስል ይገኛል፡፡

አንዳንዱ ሰው በስልኩ የቴሌቪዥኑን መስታወት ያነሣል፡፡ ያ ነጸብራቅና የሞገድ መስመር ያመጣል፤ መልክም ያጠፋል፡፡ ከዲስኩ በቀጥታ ማውጣት የተሻለ ነው፡፡

ስለ መጠኑም እንነጋገር፡፡ የፓል ዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፡፡ ለ9 በ13 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ይበቃል፤ ለትልቅ ክፈፍ ግን ይደበዝዛል፡፡ በፊት የነበረው ቪሲዲማ 352 በ288 ነው፤ ሩቡን ያህል ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ካሜራው ወደ ሰውየው የተጠጋበትን ምስል ምረጡ፡፡ ፎቶ ቤት «አተልቀዋለሁ» ቢላችሁ፣ ማተለቅ ዲስኩ ላይ የሌለውን መልክ እንደማይፈጥር ዕወቁ፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፡፡ የራሳችን ሠርግ የራሳችን ነው፡፡ ለሽያጭ የወጣ ፊልም ግን ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል፡፡ ከእሱ ላይ ምስል እያወጡ ማባዛትና መሸጥ አይገባም፡፡ የጎረቤትን ፎቶም ሳያስፈቅዱ ማሠራጨት ነውር ነው፡፡

በመጨረሻ፤ የወጣውን ፎቶ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፡፡ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው በፍላሽ ሆኖ ደምበጫ ወይም ባሕር ዳር ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፡፡ ስሙንም ጻፉበት፤ ማን እንደሆነ፣ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፡፡ ስም የሌለው ፎቶ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም፡፡

እዚህ ላይ ነው መተባበር የሚያስፈልገን፡፡ ወጣቶቹ ማሽኑን ያውቃሉ፤ አዛውንቱ ሰዉን ያውቃሉ፡፡ አንዲት ማጫወቻ ለሰፈር ትበቃለች፡፡ ልጆች፣ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ የጎረቤት እማማን ወይም አባባን አጠገባችሁ አስቀምጡና ዳሱን ከዳር እስከ ዳር አብራችሁ እዩ፡፡ «ይቺ እኮ እንትና ናት» ሲሉ ያን ጊዜ አቁሙ፤ ስሟንም ጻፉ፡፡ ዲስኩም ሳይደክም፣ የሚያውቃትም ሰው ሳያልፍ ይሁን፡፡