የፓምፑ ሰዓትና የሕሙማን ሒሳብ



የሕክምና ሒሳብ የገንዘብ ቤቱ ጉዳይ እንጂ የመሐንዲስ ሥራ አይመስልም። ሆኖም የኬሞቴራፒ መድኃኒት በኢንፊውዥን ፓምፕ ሲሰጥ፣ ትክክለኛው ሒሳብ የሚጀምረው እኛ ከምንጠግነው መሣሪያ ነው።

ክፍያው በጊዜ ሲታሰብ መሠረቱ መድኃኒቱ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ደንብ፣ በደም ሥር ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ እንደ መርፌ ይቆጠራል፤ ከመጀመሪያው ሰዓት ቀጥሎ ተጨማሪ ሰዓት የሚታሰበው 30 ደቂቃ ካለፈ ነው፤ በተንቀሳቃሽ ፓምፕ ከ8 ሰዓት በላይ የሚሰጠውም የራሱ መደብ አለው።

በእኛ አገር ግን ሰዓቱ ራሱ ሁለት ነው። ነርሷ ከጧቱ 3 ሰዓት የምትለውን ፓምፑ 9 ሰዓት ይለዋል። መጀመሪያው ከእጅ ሰዓት፣ መጨረሻው ከፓምፑ ገጽ ከተጻፈ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የተሰጠው መድኃኒት ከ3 እስከ 11 ተብሎ ይመዘገባል፤ ሁለት ሰዓት የፈጀው ስምንት ይሆናል። ፍሎሮዩራሲል ለ46 ሰዓት ሲሰጥ ደግሞ ሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት የተጀመረው ረቡዕ ከጧቱ 1 ሰዓት ያበቃል፤ በዚህ መካከል የፓምፑ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት ጊዜ ይለወጣል። መብራት ጠፍቶ ባትሪውም አልቆ ፓምፑ የቆመበት ጊዜ እንደ ሕክምና ከተቆጠረ፣ ስሕተቱ ይበዛል።

ይህን ስሕተት የሚከፍለው ማን ነው? ከደባርቅ ወይም ከዳባት ደጋ ወደ ጎንደር የወረደው ገበሬ መድን ከሌለው ከኪሱ ይከፍላል። በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆነም፣ የተጋነነው ሒሳብ የጎረቤቶቹን መዋጮ ይበላል። ሰዓቱ ሳይሟላ ቢቀር ደግሞ ሆስፒታሉ የሚገባውን ያጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ያሉ ፓምፖች ሁሉ በአንድ ሰዓት ይሞሉ፤ የሁለቱ ሰዓት ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥም በግድግዳው ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ በየጥገናው የፍሰቱን ልክና ባትሪውን ስንፈትሽ ሰዓቱንና ቀኑን አብረን እንፈትሽ። ሦስተኛ፣ ቅጹ የተጀመረበት፣ የተቋረጠበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የተሰጠው ሚሊግራምና በብልቃጡ የተረፈው የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው፤ የፓምፑም መዝገብ ሒሳቡ እስኪዘጋ አይደምሰስ።

ለዚህ ሥራ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያሻም። የሚያሻው፣ ሕሙሙ ሊቆጥረው የማይችለውን ሰዓት ስለ እርሱ ሆነን በትክክል መቁጠር ነው።