የተበተነው ቀን
(ከደቡብ ቆላ ከተሞች የመጣን ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያደረግነው ንግግር)



ከነገሌ ቦረና፥ ከያቤሎና ከሞያሌ የመጣን ተማሪዎች ስለ ሶፍትዌር ስንናገር ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ብንጀምር አይፈረድብን። ነገሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

ነሐሴ 1 ቀን በነገሌ አንድ ሕፃን ተወለደ እንበል። የመጀመሪያው የፔንታ ክትባት በ6 ሳምንቱ ይሰጣል፤ ይኸውም ከ42 ቀን በኋላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ቀጠሮው መስከረም 8 ይውላል፤ 6 በሆነችበት ዓመት መስከረም 7። ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራም ግን መስከረም 13 ይላል። ወሩን ሁሉ 30 ቀን አድርጎ የሚቆጥረው ደግሞ ለጳጉሜን 13 ይቀጥራል! እናቲቱ ልጇን አዝላ ከገጠር ስትመጣ በጳጉሜን 13 ቀን ማን ይጠብቃታል?

«ስሕተቱን ማረም ነዋ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የት ላይ? ቀን በካርድ ክፍሉ ኮድ አለ፤ በመድኃኒት ክፍሉ አለ፤ በላቦራቶሪው፥ በቀጠሮው፥ ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት ሪፖርትም አለ። እያንዳንዱ ጸሐፊ በየበኩሉ ከፈረንጅ ወደ ሐበሻ ይመልሳል፤ አንዱ በትክክል፥ ሌላው በግምት። ይህን የመሰለውን፥ በአንድ ክፍል ሳይወሰን ሁሉን አቋርጦ የሚያልፈውን ነገር፥ ተሻጋሪ ጉዳይ ብንለው ይስማማል። የይለፍ ቃል ማጣራት፥ የሥራ መዝገብ መያዝ፥ ስሕተትን መቀበል ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው።

በ1997 እ.ኤ.አ. ግሬጎር ኪክዛሌስና ባልደረቦቹ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳሉ፥ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከየክፍሉ አውጥቶ በአንድ ስፍራ የመጻፍን ዘዴ አቀረቡ፤ አስፔክት የተባለው ነው። አገራችን ሐሳቡን በሌላ መልክ ያውቀዋል። በዱብሉቅም ሆነ በሌሎቹ የቱላ ጉድጓዶች፥ ከብቱን የሚነዳ ሁሉ የየራሱን የተራ ሕግ ይዞ አይመጣም፤ የውኃውን ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው። ሕጉ ያለው በጉድጓዱ ዘንድ ነው እንጂ በየመንጋው ዘንድ አይደለም።

የሚያስቸግረው ግን የተጻፈውን ኮድ ማጽዳቱ ነው። የተበተነውን ለመሰብሰብ አስቀድሞ የት የት እንደተበተነ ማወቅ ያሻል፤ በመቶ ሺሕ መስመር ውስጥ ደግሞ በዓይን ፈልጎ አይገኝም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሲልቪያ ብሮይና ቶማስ ሲመርማን ያሳዩት መንገድ እኛን የማረከን ስለዚህ ነው። እነርሱ ኮዱን እንደቆመ አልመረመሩም፤ ታሪኩን ቆፈሩ እንጂ። ተሻጋሪ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው አይኖርም፤ ቆይቶ ይገባል። ሲገባም አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ያንኑ ጥሪ በብዙ ስፍራ ይጨምራል። ስለዚህ የኮድ ማከማቻውን መዝገብ ገልጦ፥ አብረው የተጨመሩትን ጥሪዎች መልቀምና በደረጃ ማስቀመጥ ነው። ኢክሊፕስ በተባለው ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ በ1,284 ሜተዶች የተዘራ የመቆለፊያ ጉዳይ በዚህ መንገድ አገኙ። ከፊተኞቹ 10 እጩዎችም 90 በመቶው እውነተኛ ሆነው ተገኙ።

እርግጥ ነው፥ ዘዴው ይስታል። አንድ ሰው የፋይሎችን ስም በጅምላ ቢለውጥ ይህም እንደ ተሻጋሪ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ በመጨረሻ የሚፈርደው የሰው ዓይን ነው።

በእኛው ጉዳይ ላይ ለመሞከር ለሚፈልግ ምሳሌ አለ። ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ሥራ ነው፤ ኮዱ ከነታሪኩ ለማንም ክፍት ነው። በዚያ ውስጥ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከኔፓልና ከታይላንድ ጋራ በአንድ የጋራ ደንብ ሥር ተቀምጧል። ሆኖም ሰርቨሩ በጃቫ፥ ማሳያው በጃቫስክሪፕት ስለሆነ፥ ቀን በሁለቱም ወገን ይታሰባል። በአንድ ቋንቋ የተጻፈ አስፔክት ይህን ወንዝ አይሻገርም። ጊት ግን አንድ ቃል በየትኛው ኮሚት እንደገባ ሲፈልግ ቋንቋ አይለይም።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ከዚያ ጥናት እጅግ የሚጠቅመን ቁም ነገር፥ የዘዴው ትክክለኛነት ከፕሮግራሙ መጠንና ከታሪኩ ርዝመት ጋራ ማደጉ ነው። ታሪክ የሌለው ኮድ የሚቆፈር ነገር የለውም። የመመረቂያ ሥራ በጥራዝና በፍላሽ ብቻ ከገባ፥ ታሪኩ በጸሐፊው ላፕቶፕ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ተማሪዎች ያንኑ የካርድ ክፍል እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ ጳጉሜንንም እንደ አዲስ ይረሳሉ።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን ሁለት ነገር እንለምናለን። የመመረቂያ ኮድ ከነሙሉ የጊት ታሪኩ ይቅረብ፤ ሁሉም በመጨረሻው ሌሊት በአንድ ኮሚት የገባ ከሆነ ታሪክ ተብሎ አይቆጠር። ሁለተኛ፥ ለጤና ጣቢያ የሚሠራው ሥራ በየዓመቱ ከባዶ አይጀመር፤ መጪው ክፍል የቀደመውን ማከማቻ ይረከብ። የርክክቡን አሠራር በሚመለከት አንድ ረቂቅ አዘጋጅተናል፤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ርእስ ከመምረጣቸው በፊት ብታዩልን ደስ ይለናል።