ስለ ስኳር በሽታ ልዩ ልዩ ዓይነቶች የተደረገ ንግግር



በዚህ በበዓላችን ቀን ስለ ስኳር በሽታ ለመናገር የመረጥነው በክፍላችን በየቀኑ መርፌ የሚወጋ ጓደኛ ስላለን ነው። አንዳንዱ «ስኳር አብዝቶ በልቶ ነው» ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ይጋባብኛል ብሎ ከእርሱ ጋር በአንድ መሶብ መብላት ይፈራል። ሁለቱም ከእውነት የራቀ ነው። ይህን የምንናገረው በእርሱ ፈቃድ ነው።

በሽታው እጅግ የቆየ ነው። የጥንት የሕንድ ሐኪሞች ጉንዳን ወደ በሽተኛው ሽንት ሲሰበሰብ አይተው ጣፋጭ መሆኑን ዐውቀው ነበር። ነገሩ ከቆሽት ጋር የተያያዘ መሆኑ የተገለጠው ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1889 ነው (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሐኪሞች በስትራስቡርግ ከተማ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው የስኳር በሽተኛ ሆነ። ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ የተጋደመ ብልት ሲሆን ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ያፈሳል። ኢንሱሊንም ከእንጀራውና ከድንቹ የተገኘው ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ወይም ጓጉንቸሩ ሲዝግ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ኩላሊትም ትርፉን ከብዙ ውሃ ጋር ያወጣዋል። በሽተኛው ደጋግሞ የሚሸናውና ውሃ ውሃ የሚለው ስለዚህ ነው።

ቁልፉ የሚጠፋው አንደኛው ዓይነት በተባለው ነው። እኛን ሊጠብቅ የተሰለፈው የሰውነታችን ሠራዊት ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ይፈጃል። የዘር ዝንባሌ አለበት እንጂ ስኳር መብላት አያመጣውም። አብዛኛውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ይዞ በጥቂት ሳምንታት ያከሳል። ቡዳ በላው እየተባለ ከጠበል ጠበል ሲዞር የሞተ ልጅ ስንት እንደ ሆነ ማን ቈጥሮታል? ጠበሉን አንነቅፍም፤ ሐኪም ቤቱም አይቅር እንላለን። በ1922 በቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን በኢንሱሊን መታከም እስኪጀምር ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

ከሁሉ የሚበዛው ሁለተኛው ዓይነት ነው። ቁልፉ አለ፤ ጓጉንቸሩ ግን ይዝጋል፤ ቆሽትም ለዓመታት እጥፍ ሲለፋ ኖሮ በመጨረሻ ይደክማል። ቦርጭ፥ ተቀምጦ መዋል፥ ዕድሜና ዘር ያግዙታል። ያለ ምልክት ስለሚቆይ አንዳንዱ የሚያውቀው ዓይኑ ከፈዘዘ ወይም የእግሩ ቁስል አልድን ካለው በኋላ ነው። በእርግዝና ወራት የሚነሣው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል፤ እናቲቱ ግን ኋላ በሁለተኛው ዓይነት እንዳትያዝ መመርመር ይገባታል።

«የሀብታም በሽታ ነው» የሚለውን አነጋገር የሚያፈርሰው ሌላው ነው። ሂው ጆንስ የተባለ ሐኪም በ1955 ከሁለቱ ወገን የማይገጥሙ ቀጫጭን በሽተኞች በጃማይካ መኖራቸውን ጻፈ። በአገራችንም በጎንደር የሠሩ ሐኪሞች በድኻ ገበሬዎች ዘንድ ይህን የመሰለ አይተዋል። ከልጅነቱ ምግብ ያነሰው ሰው ቆሽቱ በሚገባ አይሠራም ተብሎ ይታሰባል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። መርፌው ከምግቡ ሲበልጥ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ንግግሩ ይምታታል። ያን ጊዜ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይሰጠዋል፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይጨመር በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። በእኛ ክፍል በመምህሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ስኳር ይቀመጣል፤ የምግብ ቤቱና የስፖርት ሜዳው ኀላፊዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉልን በአክብሮት እንለምናለን።