ለከፍተኛ ትምህርት የቃል ፈተና ከአገር ወጥቶ ስለ መጓዝ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምነግራችሁ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በጎንደር ወይም በጅማ፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ የሚኖር ባለ መጀመሪያ ዲግሪ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ አመልክቶ «ለቃል ፈተና ቅረብ» ተብሎ ሲጠራ፣ ከቤቱ ደጃፍ አንሥቶ እስከ ፈታኞቹ ጠረጴዛ ድረስ ያለውን መንገድ እንዴት ቢጓዝ ይሻለዋል የሚል ነው። ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። ከአንድ መምህር የወር ደመወዝ ብዙው ለመኪናና ለአልጋ የሚወጣበት፣ የብዙ ዓመት ተስፋም በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚመዘንበት ነው።

ለትምህርት ብሎ አገር ማቋረጥ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ፣ ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ አኰፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ተማሪ የተቆረጠ ቀን አልነበረበትም። ወንዝ ቢሞላበት እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ቢታመም በደረሰበት መንደር ይሰነብታል፤ የኔታም በደረሰ ጊዜ ይቀበሉታል። የዛሬው ተጓዥ ግን ቀንና ሰዓት ተቆርጦለታል። ጭንቀቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በኮሌጅነት ተመሥርቶ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1978 ነው። ዛሬ ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም፣ ጅማም፣ ሐዋሳም፣ ሐሮማያም ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ስለሚሰጡ፣ የአዲስ አበባው ልጅ ራሱ ወደ ክፍለ ሀገር ለፈተና የሚወጣበት ጊዜ መጥቷል። ከ2023 ወዲህም አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ተደንግጓል። ቢሆንም የትምህርት ክፍሎች አመልካቹን በዓይናቸው አይተው፣ አሳቡን በጆሯቸው ሰምተው ለመቀበል መፈለጋቸው አልቀረም፤ ይልቁንም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክተውን።

እንግዲህ ጉዞው የሚጀመረው ከመናኸሪያ ሳይሆን ከጥሪው ወረቀት ነው። ጥሪው በእንግሊዝኛ የተጻፈ እንደ ሆነ ሁለት ወጥመድ አለበት። አንደኛው ሰዓቱ ነው። በወረቀቱ ላይ «9:00» ተብሎ ሲጻፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ያነበበው ግን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣና ስድስት ሰዓት አሳልፎ ይገኛል። ሁለተኛው ቀኑ ነው። «ኦክቶበር 5» የሚለውን ጥቅምት 5 ብሎ የመዘገበ ሰው ዐሥር ቀን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጥቅምት 5 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 15 ነውና። በዚህ ረገድ መገመት አይበቃም። ወደ ትምህርት ክፍሉ ስልክ ደውሎ ቀኑንም ሰዓቱንም በአማርኛ ማስነገር፣ የነገረውንም ሰው ስም መጻፍ ያሻል።

ስፍራውም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ስድስት ኪሎ ብቻ ይመስለዋል። ስድስት ኪሎ፣ በ1961 ከቤተ መንግሥትነት ወደ ትምህርት ቤትነት የተላለፈው ሰፊው ግቢ፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና ስፍራ መሆኑ እውነት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ግን በአራት ኪሎ፣ ምሕንድስና በአምስት ኪሎ፣ ሕክምና በጥቁር አንበሳ ነው። በፈተናው ዋዜማ ሄዶ በሩን፣ ሕንጻውንና የክፍሉን ቁጥር በዓይን ማየት ለማግሥቱ ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል።

ስለ መንገዱ ብዙ አልናገርም፤ የሚጓዙበት ሰዎች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል፤ ሆድና ራስ ከዚያ በኋላ ወደ ቦታቸው ለመመለስ አንድ ሌሊት ይፈልጋሉ። ከጋምቤላ ቆላ የሚመጣውም ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለች ከተማ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ብርዱም ያንዘፈዝፈዋል። ባለፉት ዓመታት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜ እንደ ነበረም ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ከፈተናው ቢያንስ ሁለት ሌሊት አስቀድሞ መድረስ ቅንጦት አይደለም። የትምህርት ማስረጃዎቹን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ በእጅ መያዝ እንጂ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከሻንጣ ጋር መጫን አይገባም።

የት ይታደራል? ይህ አስቸጋሪ ጥያቄ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ሆቴል ቢያድር ነውር ይሆንበታል፤ አክስቱ ብትሰማ ታዝንበታለች። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ለዓመታት ያላየችው የወንድሟ ልጅ ሲመጣባት ዶሮ ይታረዳል፤ ጎረቤት ይጠራል፤ የሞተውም የተወለደውም እየተነሣ እስከ እኩለ ሌሊት ይወራል። በማግሥቱም «ቁርስ ሳትበላ ከዚህ ቤት አትወጣም!» ትባላላችሁ። ፍቅር ነው፤ ክፉ አልለውም። ለተፈታኝ ግን እንቅልፍ ከዶሮ ወጥ ይበልጥበታል። አቅም የፈቀደለት በፈተናው አቅራቢያ ርካሽና ጸጥ ያለ አልጋ ይዞ፣ ለአክስቱ የሚደርስበትን ቀን ከፈተናው በኋላ አድርጎ ቢነግራት ማንንም አላታለለም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት ተፈታኝ እንደ ሆነች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለእርስዋ ዘመድ ቤት ከሆቴል እጅግ ይሻላል፤ ሕፃኑን የሚይዝላት ታገኛለችና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ፈታኞቹ ማስረጃውን አስቀድመው አይተዋል፤ ስለዚህ ውጤቱን እንዲደግምላቸው አይሹም። የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ልታጠናው ያሰብኸው ነገር ምንድን ነው? ለምን? መረጃውን ከየት ታገኛለህ? ባሰብኸው ጊዜስ ይፈጸማል? ብዙው አመልካች እዚህ ላይ የሚሰናከለው ባለማወቁ አይደለም፤ የሚያውቀውን በመናቁ ነው። በቆላ ጤና ጣቢያ አምስት ዓመት የሠራ የጤና መኮንን ስለ ወባ ሲጠየቅ ስለ አፍሪቃ ጠቅላላ ሁኔታ ከመጽሐፍ ይተርካል። ዳሩ ግን በየሳምንቱ በገዛ እጁ የሞላው የበሽተኞች መዝገብ፣ ዝናሙ ካቆመ ከስንት ሳምንት በኋላ በሽተኛው እንደሚበዛ፣ አጎበሩ በየትኛው መንደር ለእህል መሸፈኛ እንደሚውል የሚያውቀው እርሱ ነው። በከተማ ያሉት ፈታኞች የሌላቸው ይህ ነው። በጅማ ገጠር የሚያስተምረውም፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከክፍሉ የትኞቹ ልጆች እንደሚቀሩ ስም ጠርቶ መናገር ይችላል። ከሩቅ የመጣ ሰው ሩቅነቱን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ስንቅ ይዞ ይግባ።

ሌላም አለ። እኛ በታላላቆች ፊት ዓይንን ሰበር፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግን በቤታችን ተምረናል፤ መልካም ምግባር ነው። በእንግሊዝኛ በሚደረግ ፈተና ላይ ግን ይህ ዝምታ አለማወቅ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ጥያቄው ያልተሰማ እንደ ሆነ እንዲደገም መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የማይታወቅ ነገር ሲመጣም «ይህን አላውቀውም፤ ነገር ግን እንዲህ አድርጌ እፈልገዋለሁ» ያለ ሰው፣ ረጅም ቃል ከደረደረው ይልቅ ይከበራል። አጭር ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ለትምህርት ክፍሎችም ጥቂት ቃል አለኝ። ዓርብ ማታ ማስታወቂያ ለጥፎ ለሰኞ ጧት መጥራት ለከተማው ልጅ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ለጎዴ ወይም ለአሶሳው ሰው ግን «አትምጣ» እንደ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አጠራር የሚመረጠው ዐዋቂው ሳይሆን ቅርብ ያለው ነው። በ2020 ወረርሽኙ በተነሣ ጊዜ በዓለም ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ፊት ለፊት መገናኘት ባይቻል በኢንተርኔት ምስል ፈትነዋል። መንገድ ለተዘጋበት፣ ለታመመ፣ ለወለደች አመልካች ይህ በር ቢከፈት፣ የሁለት ሳምንት ጊዜም ተሰጥቶ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ ለክፍሉ የሚያስወጣው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው።

ተፈታኙም ከክፍሉ ሲወጣ ወዲያው ወደ መናኸሪያ አይሩጥ። ውጤቱ በምን ቀንና በየት እንደሚገለጥ፣ የጎደለ ማስረጃ መኖሩንም ከጸሓፊዋ ጠይቆ፣ የስልክ ቁጥሩን በትክክል ያስመዝግብ። አንድ ወረቀት ብሎ ሌላ ጉዞ እንዳይመጣበት ነው። ይህን ከጨረሰ በኋላ ወደ አክስቱ ቤት ይሂድ፤ ቡናውም እስከ በረካ ድረስ ይጠጣለት።